ከገባ አይወጣም

ሐኪሜ በመርፌ ፋንታ ሰውነት ላይ እየተለበሰ የሚሠራ የኢንሱሊን ፓምፕ ማዘዣ ለመጻፍ የሚጠብቁት የእኔን እሺታ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ያንን አንድ ቃል ለመስጠት ሰባት ወር ፈጀብኝ። በየቀጠሮው ጥያቄው ይነሣል፣ እኔም ገና እያሰብኩበት መሆኔን እናገራለሁ፣ እሳቸውም ሳያጣድፉኝ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ያልፋሉ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስለ ሁለት ዓይነት ፓምፖች፣ ስለ ባለ ቱቦውና ስለ ቱቦ አልባው፣ የተሰጡኝ ወረቀቶች ተቀምጠው ነበር፤ ምግብ ሲቀርብ አነሣቸዋለሁ፣ ሳህኑ ሲነሣ መልሼ አስቀምጣቸዋለሁ። ባለቤቴ "ምንድን ነው የያዘሽ?" ብሎ በጠየቀኝ ቁጥር መልሴ ይለያያል፤ አንድ ቀን ዋጋው፣ አንድ ቀን ሥራዬ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ሐሳብ። ሁሉም እውነት ነበሩ። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ሥር ያለው ምክንያት ከኢንሱሊን ጋር ካደግሁበት ቤት ይዤው የመጣሁት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም እንዳለብኝ የታወቀው በ12 ዓመቴ፣ ኮምቦልቻ ሳለን ነው። ቆሽቴ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን ማመንጨት አቁሞ ስለነበር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምኖረው ከውጭ በሚሰጠኝ ኢንሱሊን ነው። በዚያ ዘመን የሚሰጠኝ ሁለት ብልቃጥ ነበር፤ አንዱ እንደ ውኃ የጠራ፣ ሌላው እንደ አጓት የደፈረሰ። እናቴ የደፈረሰውን በሁለት መዳፎቿ መካከል ቀስ አድርጋ ታንከባልለዋለች፤ ከዚያ በመርፌው የጠራውን አስቀድማ ትስባለች፣ የደፈረሰውን ታስከትላለች። ደሴ ሆስፒታል ያስተማሯት ነርስ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የጠራው ብልቃጥ እንደሚበላሽ ስለነገሯት፣ የመርፌውን መስመሮች በጥፍሯ እየቆጠረች በሠራችባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ማቀዝቀዣ አልነበረንም። ብልቃጦቹ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ እርጥብ አሸዋ ባለበት ትንሽ ገንቦ ውስጥ፣ ከቤቱ ጨለማ ጥግ ይቀመጡ ነበር። የሸክላው ገላ ውኃ እያላበው ስለሚቀዘቅዝ በበጋው ሙቀት እንኳ ብልቃጡን ሳወጣው መዳፌን ቀዝቀዝ ያደርገኝ ነበር።

የምወጋው ጠዋትና ማታ ነበር። የደፈረሰው ኢንሱሊን ኃይሉ የሚበረታው ከተወጋ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ሆዴ ውስጥ ምግብ መኖር አለበት፤ ራበኝም አልራበኝም፣ ፈተና ላይ ብሆንም ለቅሶ ቤት ብቀመጥም ልዩነት የለውም። እናቴ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ በትምህርት ቤታችን አጥር በኩል ዳቦ ታቀብለኝ ነበር። አልበላም ብዬ ባስቸገርኳት ጊዜ የምትለኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ከገባ አይወጣም፤ ብዪ እንጂ።" ቃሏ የሕክምናው ፍሬ ነገር ነበር። ጠዋት የሚወጋው መጠን ገና ባልታየ ከሰዓት በኋላ ላይ የሚወሰን ውሳኔ ነው፤ ከተወጋ በኋላ ለዚያ ውሳኔ እየታዘዝኩ እውላለሁ።

ዛሬ የምወስደው ኢንሱሊን ከዚያ በብዙ ይሻላል። ማታ ማታ ሃያ አራት ሰዓት የሚቆየውን 18 ዩኒት እወጋለሁ፤ ለምግብ ደግሞ ፈጣኑን በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ክንዴ ላይ ያለው ሴንሰር በየአምስት ደቂቃው የስኳሬን መጠን ወደ ስልኬ ይልካል። ይሁን እንጂ የእናቴ ቃል አሁንም ይሠራል። በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በሳምንት ሦስት ሌሊት እሠራለሁ፣ የቀሩትን ሌሊቶች እተኛለሁ። ሰው በማንሣት፣ በማገላበጥና በማጠብ የሚያልፍ ሌሊት፣ በእንቅልፍ ከሚያልፍ ሌሊት ጋር ለሰውነቴ አንድ አይደለም፤ የወጋሁት 18 ዩኒት ግን ለሁለቱም አንድ ነው። በሥራ ሌሊት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ስኳሬ ደህና ከሚባለው ከ70 እስከ 180 ክልል በታች፣ ወደ 60 ይወርዳል። ቤቴ በተኛሁበት ሌሊት ደግሞ ሊነጋ ሲል ሰውነት በሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ምክንያት ጉበቴ ስኳር ይለቅና 220 ሆኖ እነቃለሁ። መጠኑን ብቀንስ ጠዋቱ ይከፋል፣ ብጨምር የሥራው ሌሊት ያስፈራል።

ባለፈው የካቲት አንድ ሌሊት፣ አንዲት አሮጊት ከአልጋቸው ወደ ተሽከርካሪ ወንበር እያዛወርኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እሳቸውን መሃል ላይ ትቼ መሄድ ስለማልችል ጨርሼ አስቀመጥኳቸው፤ ወደ ኮሪደሩ ስወጣ ግን የትኛው ክፍል ከየትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ የብርቱካን ጭማቂ ስትሰጠኝ ቁጥሩ 48 ነበር። እኔ ላይ የደረሰው አልፏል፤ እሳቸውን ደግፌ ባለሁበት ቅጽበት ቢሆን ኖሮ የሚለው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ሐኪሜ የፓምፑን ነገር ያነሡት ይህን በነገርኳቸው ቀን ነው።

ፓምፑ የሚጠቀመው ፈጣኑን ኢንሱሊን ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ በየጥቂት ደቂቃው እጅግ ትንሽ መጠን ከቆዳ ሥር ያንጠባጥባል፤ ምግብ ሲመጣ ደግሞ ተጨማሪውን በትእዛዝ ይሰጣል። የስኳር አስተማሪዋ ነርስ በወረቀት ላይ አስልተው እንዳሳዩኝ፣ በመርፌ የምወስደው 18 ዩኒት በመጀመሪያ ጥቂት ተቀንሶለት በሰዓት 0.65 ዩኒት ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ዝቅ ይላል፣ ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ከፍ ይላል፣ ለሥራ ሌሊቶች ደግሞ ሌላ ሰሌዳ ይዘጋጅለታል። የአሁኖቹ ከሴንሰሩ ጋር እየተነጋገሩ ስኳሩ ወዴት እንደሚያመራ አስቀድመው ያሰላሉ፤ ሊወርድ ነው ብለው ሲገምቱ ይቀንሳሉ ወይም ያቆማሉ። ወረቀቱን እየተመለከትኩ ያሰብኩት እናቴን ነበር። የገባው አይወጣም፤ ሊገባ ያለውን ግን ማስቆም ይቻላል።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በለንደን ጋይስ ሆስፒታል የነበሩት ጆን ፒካፕ፣ ሃሪ ኪን እና ባልደረቦቻቸው ኢንሱሊንን ከቆዳ ሥር ያለማቋረጥ በትንሽ ፓምፕ መስጠት እንደሚቻል ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በኋላ በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ትልቁ ጥናት፣ ስኳርን በብዙ መርፌ ወይም በፓምፕ አጥብቆ መቆጣጠር፣ ገና ዓይናቸው ባልተነካ ሕሙማን ላይ የዓይን ጉዳት የሚጀምርበትን ዕድል በ76 ከመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል፤ አጥብቀው በተቆጣጠሩት ላይ ከባድ የስኳር መውረድ ሦስት እጥፍ ያህል በዝቶ ነበር። ዓይንን ለማዳን የሚከፈለው ዋጋ እንደኔው ዓይነት ሌሊት ነው ማለት ነው። ያንን ዋጋ የመቀነስ ተስፋ የበረታው መጠኑን በከፊል በራሱ የሚያስተካክለው የመጀመሪያው ፓምፕ፣ የሜድትሮኒክ 670 ጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ አንድ ጥናት እንዲህ ዓይነት መሣሪያ የተሰጣቸው 112 ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ ስኳራቸው ከ70 እስከ 180 ባለው ደህና ክልል የሚቆይበት ጊዜ ከ61 ከመቶ ወደ 71 ከመቶ ከፍ ብሏል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ማለት እንደሆነ ሳሰላው ግን ለእኔ ትንሽ አልሆነም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለምን ሰባት ወር ፈጀብኝ?

በ17 ዓመቴ ኢንሱሊን ከከተማው ጠፋ። የምንገዛበት መድኃኒት ቤት "የለም፤ ነገ ሞክሩ" አለን፤ በማግስቱም ያንኑ ደገመልን። የቀረችኝን ለሦስት ቀን በግማሽ በግማሽ ከፋፈልናት። በሦስተኛው ቀን ውኃ ጠጥቼ አልጠግብም፣ የጠጣሁትን መልሼ አስታውካለሁ፣ ትንፋሼ እየረዘመና እየከበደ ሄደ። አጎቴ በሚኒባስ የኋላ ወንበር አጋድሞ ዳገቱን ወደ ደሴ ሲወስደኝ እናቴ ጭንቅላቴን ይዛ ስሜን ደጋግማ ትጠራ ነበር። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስለማይችል ስብን ያነድዳል፤ ከዚያ የሚወጣው ኬቶን ደምን ወደ አሲድነት ይለውጠዋል። ሁለት ቀን በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በኢንሱሊን ታክሜ ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ፣ ሜሪላንድ ከገባሁም በኋላ፣ ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ከሁለት ወር ያነሰ ኢንሱሊን ኖሮ አያውቅም።

እንግዲህ ሁለት ፍርሃት አለብኝ፤ አንዱ ከገባው፣ አንዱ ካልገባው። ፓምፑ የመጀመሪያውን ሲያቀልልኝ ሁለተኛውን ያከብድብኛል። በመርፌ የምወስደው ሃያ አራት ሰዓት የሚቆይ ኢንሱሊን ከቆዳዬ ሥር ያለ ስንቅ ነው፤ ስልክ ባትሪ ቢጨርስ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ብተኛም ብረሳም እሱ ሥራውን ይቀጥላል። በፓምፕ የሚኖር ሰው ግን ይህ ስንቅ የለውም። ከቆዳ ሥር የገባችው ካኑላ የምትባል ቀጭን ቱቦ ከታጠፈች ወይም ከወጣች፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኬቶን መከማቸት ይጀምራል። ነርሷ ይህን አልደበቁኝም። ቱቦው ሲዘጋ ማስጠንቀቂያ እንዳለ፣ ነገር ግን ዘግይቶ ሊጮህ እንደሚችል፣ ኢንሱሊኑ በካኑላዋ ዙሪያ ወደ ውጭ ቢያፈስ ደግሞ ፓምፑ ምንም እንደማያውቅ ነገሩኝ። በዚያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ ወረቀቶቹን ከጠረጴዛው አንሥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው።

መሳቢያውን መልሼ የከፈትኩት ነርሷ ለሦስት ቀን ባዶውን፣ ማለትም በኢንሱሊን ፋንታ የጨው ውኃ ሞልቼ፣ ባለ ቱቦውን ፓምፕ እንድሞክር ሐሳብ ባቀረቡልኝ ጊዜ ነው። መርፌዬን እንደወትሮው እየወሰድኩ ፓምፑን ለብሼው ኖርኩ። ካኑላዋ ሆዴ ላይ ስትገባ ከመርፌ አልከፋችም። ሌሊት የት እንደማደርገው አላውቅም ነበር፤ ትራሴ ሥር ሳስገባው ስገላበጥ ይጎትተኛል፣ ቀበቶዬ ላይ ሳስረው ጎኔን ይወጋኛል፣ በሁለተኛው ሌሊት ግን ሳላስበው ተኝቼበት አደርኩ። ሥራ ላይ የሆነው የተለየ ነው። አንድ ሽማግሌ ከአልጋ ሲነሡ የሚይዙትን ፍለጋ እጃቸውን ዘረጉና ቱቦውን ያዙት፤ ካኑላዋ ከነፕላስተሯ ተነቅላ ወጣች። የጨው ውኃ ስለነበረ ጉዳት አልነበረውም። እውነተኛው ኢንሱሊን ሆኖ ሳላየው ቢነቀል ኖሮ ግን ስኳሬ እስኪወጣ ላላውቀው እችል ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በነጠላዬ ሥር ማንም አላየውም ብዬ ሳስብ፣ ከኋላዬ የቆመች እናት ከቅዳሴ በኋላ ቀረብ ብላ "የኔም ልጅ አለው" አለችኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም፤ እጄን ይዛኝ ቆመች።

ስለ መታየት ያለኝ ስሜት ከዚያ በኋላ ተለወጠ ማለት እችላለሁ። ልጅ ሳለሁ አክስቴ ሕመሜን ለሰው እንዳልናገር፣ ነገ ትዳር እንደሚያሳጣኝ ትመክረኝ ነበር፤ ክፉ አስባ ሳይሆን የምታውቀውን ዓለም ነበር የነገረችኝ። ሃያ ምናምን ዓመት በመጸዳጃ ቤት ተደብቄ ስወጋ ኖሬያለሁ። ሰው ቤት ተጋብዤ እንጀራው ሲቀርብ ምን ያህል እንደምበላ አስቀድሜ ገምቼ እወጋለሁ፤ ከዚያ ባለቤቲቱ "እኔ ስሞትልሽ" እያለች ትጨምራለች፣ ጉርሻው ይከተላል፣ እኔም ወይ እምቢ ብዬ አስቀይማለሁ ወይ እንደገና ወደ መጸዳጃ ቤት እሄዳለሁ።

እንጀራ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለአሥራ ሁለት ግራም ካርቦሃይድሬት አንድ ዩኒት እወስዳለሁ፤ ነገር ግን እንጀራው ላይ ግራሙ አልተጻፈም። የወጥ ቤት ሚዛን ገዝቼ ከተለያዩ ሱቆች የማመጣውን ስመዝን፣ ንጹሕ ጤፍ የተባለውና ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት በክብደትም በስኳሬ ላይ በሚያሳዩት ነገርም የተለያዩ ሆነው አገኘኋቸው። ሽሮውም ከጥራጥሬ የሚሠራ ስለሆነ ይቆጠራል። ዶሮ ወጥ ሲሆን ደግሞ ቅቤው የምግቡን መፈጨት ስለሚያዘገይ፣ በአንድ መርፌ የገባው ኢንሱሊን ቀድሞ ይደርስና ስኳሬ ይወርዳል፤ ኢንሱሊኑ ሲያልቅ ምግቡ ይደርስና 250 ይወጣል። ፓምፑ ለዚህ የሚሰጠው መፍትሔ ግልጽ ነው፤ የምግቡን ኢንሱሊን ከመቶ 60 ያህሉን አሁን፣ የቀረውን በሁለት ሰዓት ውስጥ በዝግታ እንዲሰጥ ማዘዝ ይቻላል። ለጉርሻውም ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ መጨመር እችላለሁ።

የስቅለት ዕለትም እንዲሁ ነው። የንስሐ አባቴ በሕመሜ ምክንያት ሰዓት እንዳልጾም ፈቅደውልኛል፤ ስግደቱን ግን መተው አልፈልግም። ከጠዋት ጀምሮ መስገድ ለሰውነት ከባድ እንቅስቃሴ ነው፤ ማታ የወጋሁት ኢንሱሊን ደግሞ ዕለቱ ስቅለት መሆኑን አያውቅም። በየዓመቱ ኪሴን በቴምር ሞልቼ እሄዳለሁ፤ በየዓመቱም መሃል ላይ አቋርጬ እቀመጣለሁ። በፓምፕ ከሆነ ስግደቱ ከመጀመሩ ከአንድ ሁለት ሰዓት በፊት መጠኑን መቀነስ ይቻላል። ይህንን ለሐኪሜ ሳስረዳቸው በጥሞና ሰምተው ከመዝገቤ ላይ ጻፉት።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ባለ ቱቦው በአንድ ጊዜ ብዙ የሚያስወጣና ለአራት ዓመት ያህል የሚያስር ነው፤ ሰውነት ላይ የሚለጠፈው ቱቦ አልባው ግን ከመድኃኒት ቤት በየወሩ የሚወሰድ በመሆኑ ካልተስማማኝ መተው እችላለሁ። ሥራዬን ባጣ ኢንሹራንሴም አብሮ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ትላልቆቹ የኢንሱሊን አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2023 ያስታወቁት የዋጋ ቅናሽ የፓምፕ ዕቃ ላይ አይደርስም። ስለዚህ መርፌ መውጋትን የማይረሳ እጅ ሊኖረኝ ይገባል።

የቀረው ጥያቄ አገር ቤት ስሄድ ምን እንደማደርግ ነበር። በጥር ለአንድ ወር ኮምቦልቻ እሄዳለሁ። ቱቦ አልባው ፓምፕ በየሦስት ቀኑ ስለሚቀየር አሥር ያስፈልገኛል፤ የሚነቀልና የሚበላሽ ስላለ ሃያ እይዛለሁ፣ ሁሉንም በእጅ ሻንጣ። ከአዲስ አበባ በጣርማ በር አድርጎ የሚወርደው መንገድ ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ሞቃት ነው፤ ገላ ላይ የተለጠፈ ኢንሱሊን ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ ካለፈ ኃይሉን ስለሚያጣ መጣል አለበት። እዚያ ፓምፑ ቢበላሽ በማግስቱ የሚልክልኝ ማንም የለም። ነርሷ ይህን ሲሰሙ መፍትሔውን በአንድ ገጽ ጻፉልኝ፤ ስኳሬ ያለ ምክንያት ከ250 ካለፈ ኬቶን መለካት፣ ኬቶን ካለ ፈጣኑን በመርፌ መውጋትና ፓምፑን መቀየር፣ መቀየር ካልተቻለ ወደ ቀድሞው ሃያ አራት ሰዓት የሚቆይ ኢንሱሊን መመለስ፣ ከነመጠኑ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ስከት ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ረጋ አለ። ሰባት ወር ሙሉ ራሴን ስጠይቅ የነበረው ፓምፕ ወይስ መርፌ እያልኩ ነበር፤ ስንቄን ሳልጥል ፓምፑን መልበስ እንደምችል አላየሁትም ነበር።

ቱቦ አልባውን መረጥኩ። ማዘዣው የተላከው ባለፈው ሐሙስ ሲሆን በመስከረም እጀምራለሁ፤ ከጉዞዬ በፊት አራት ወር አብሬው እኖራለሁ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የሌሊት ፈረቃ ላለመግባት አለቃዬን አስፈቅጃለሁ።

እናቴን ደውዬ ነገርኳት። ከእጄ መዳፍ የምታንስ፣ ክንድ ላይ የምትለጠፍ ነገር ናት ብዬ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ ስትቆም ማን ይነግርሻል?" አለችኝ፤ ሰባት ወር ሙሉ ራሴን የጠየቅሁትን ነበር የጠየቀችኝ። የነርሷን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ሃያ አራት ሰዓት የሚቆየውን መርፌም ይዤ እንደምመጣ ስነግራት "የት ይቀመጣል?" አለች። አሁን ማቀዝቀዣ እንዳላት አስታወስኳት። መብራት እንደሚጠፋ፣ አንዳንድ ጊዜም ውሎ እንደሚያድር ነገረችኝ፤ ከዚያም ገንቦው አሁንም ጥጉ ላይ እንዳለ፣ ጥምቀት ሳይደርስ አጥባ አሸዋውን እንደምትቀይርልኝ ተናገረች።